አንድ ፊቱ ልሙጥ የሆነው ሳንቲም

ጥር 8 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ የልጄን ሳንቲም አስበስቼ ማተቤ ላይ ላስረው አንጥረኛው ዘንድ ሄድኩ። ልጄ ታደሰ፣ ጠላት ሳይገባ አዲስ አበባ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሲሠራ ለሙከራ የመቱት ነው። ባንድ ፊቱ አንበሳ አለ፤ ሌላው ፊቱ ልሙጥ ነው። «እማዬ፣ ሥራው ሲያልቅ ሙሉውን አመጣልሻለሁ» ብሎ ነበር የሰጠኝ። ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ።

አንጥረኛው አገላብጦ አየውና ሳቀ። «እሜቴ፣ ይህን ገበያ ቢያወጡት ግማሽ እንቁላል ነው የሚሰጡዎ!»

የማን እንደሆነ ስነግረው አፈረ። «በልሙጡ በኩል ስሙን ልቅረጽልዎ፤ ዋጋ አልጠይቅም» አለኝ።

እሺ አልኩት። መቅረጫውን አንሥቶ ሳንቲሙ ላይ ሲያሳርፍ ግን እጁን ያዝኩት።

«ተወው ልጄ፣ ብቻ ብሳልኝ» አልኩት።

ከተጻፈበትማ ሥራው አለቀ ማለት ነው።