አውጣቸው ያልኩህ ሰባት መስመሮች

ውድ ጋሼ፣

አንቱ ስልህ "ገና አልሸበትኩም" ብለህ ከከለከልከኝ ጀምሮ አንተ እያልኩህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ልቀጥል። ከቀበርንህ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝን አሁን እጽፍልሃለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ከቤትህ ኮድ ስትጽፍ፣ እኔ ከቢሮ የጻፍከውን ስገመግም ኖርን። ሚስትህ አንድ ቀን "ለመሆኑ ሥራችሁ ምንድን ነው?" ብላ ስትጠይቀን ያስረዳሃት አይረሳኝም።

"ፋይል ፍለጋ አንድ ሰርቨር፣ የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ በሩ ላይ ቆመሻል እንበል። በረኛው 'እዚህ የለም፣ እዚያኛው ሰርቨር ጋ ሂጂ' ይልሻል። የኛ ኮድ ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ በተጠቆመበት የሚሄደው መንገደኛ ነው።"

"ሁለቱ በረኞች አንዱ ወደ ሌላው ቢመልሱትስ?"

"ለሱማ መቁጠሪያ አለው" አልካት።

ያን መቁጠሪያ ነው እኔ ያስወጣሁህ።

የላክኸው ለውጥ ሰባት መስመር ፍተሻ ነበረው። ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ ወዲያ ወዲህ እንደተላከ ይቆጥርና ሲበዛ ያስቆመዋል። ላይ ላዩን አየሁትና ደወልኩልህ።

"ጋሼ፣ ይኼ ድግግሞሽ ነው። ከላይ ተቆጥሯል፤ አውጣው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"አንቺ ካልሽ እሺ" አልክ፤ አወጣኸው። እኔም ከስምህ ሥር "ገምግሜዋለሁ" ብዬ ስሜን አኖርኩ። ከላይ አለ ያልኩህ ግን የሌላ መንገድ ቆጠራ ነበር። እሱ ያለበትን ፋይል ከፍቼ እንኳ አላየሁትም።

በስድስተኛው ወር አንድ ሆስፒታል ፋይሎቹን ወደ አዲስ ሰርቨር ሲያዛውር፣ አሮጌውና አዲሱ እርስ በርስ መጠቋቆም ጀመሩ። ኮምፒውተሮቹ ሲዞሩ ሲዞሩ ደርቀው ቀሩ። የአንድ አናጢ የደም ሥር ምስል አራት ሰዓት ሙሉ አልከፈት አለ። ሕክምናው ዘግይቶበት ሰውየው እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። የሆስፒታሉ ባለሙያ ይህን ለሁላችንም በሚደርሰው ኢሜይል ጻፈው። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

በማግስቱ ቢሮ መጣህ። ወንበር ስቤ ሰጠሁህ፤ አልተቀመጥክም።

"ፍተሻውን ጽፌው ነበር፤ ረቂቄ ላይ አለ" አልክ። "አውጣው ያልሽኝ አንቺ ትመስይኛለሽ። ደውለሽልኝ አልነበር?"

"አይ ጋሼ፣ አልደወልኩም።"

ፊትህን አየሁት። አባትህ በስተርጅና የገዛ ልጆቹን ስም ሳይለዩ እንደሞቱ አንተው ነህ ያጫወትከኝ።

"ያልተደወለ ስልክ መስማት ጀምሬያለሁ ማለት ነው" አልክ ቀስ ብለህ።

ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት።

በዚያው ሳምንት "ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው" ብለህ ለሁሉም ጽፈህ ሥራውን ለቀቅክ። ቦታህ ለኔ ተሰጠ። ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ አመሰገንኩ። ሁለት ጊዜ ደወልክልኝ፣ አላነሳሁም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልብህ ቀጥ አለ።

ትናንት ቤትህ ሄጄ ለሚስትህ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ከመኝታ ቤት ወፍራም ደብተር አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለካ ሥራ ከለቀቅክበት ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ራስህን ስትፈትን ኖረሃል። የልጆችህን የልደት ቀን፣ የጎረቤት ስልክ ቁጥር፣ ትናንት ማን እንደመጣና ምን እንዳለ በቃልህ ትጽፋለህ፤ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች።

"በፍርሃት ነው የሞተው" አለችኝ። "ገምጋሚ አይደለሽ? እስቲ አንድ ስህተት ፈልጊለት።"

እሷ ፊቴ ተቀምጣ እየጠበቀች ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር አነበብኩት። እስከ መጨረሻው ጠዋት ድረስ አንድም ስህተት አላገኘሁም፤ ቀዩ ሁሉ የ"ትክክል" ምልክት ነበር።

ዛሬ እውነቱን በስሜ ለሁሉም ጽፌ ልኬያለሁ፤ ቦታውንም ለቅቄያለሁ። አናጢው ያለበትን እያፈላለግሁ ነው፤ ሳገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ይቅር በለኝ አልልህም፣ ይቅር የምትለኝ አንተ የለህም።

ደህና ሁን ጋሼ። አእምሮህ ሙሉ ነበር። ደውዬልህ ነበር።

የበደለችህ፣ እንደ ታናሽ እህት ያቀረብካት