አንድ ጎን ጭነት

ሰኞ፣ ግንቦት 2

ብዕሩን የያዘችው ስማራግዳ ናት፣ የሟች ባለቤቴ የጋሩፋሊያ ታላቅ እህት። እኔ ፖሊክሮኒስ ፊደል አላውቅም። አላፍርበትም። ዕድሜዬን በሙሉ በቅሎ ነዳሁ፤ በቅሎ አንብብልኝ አትልም። ስማራግዳ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ይህንን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። ይህንንም ጻፊው። ጻፍሽ? እሺ።

ለማንም አይደለም የማስጽፈው። ለራሴ ነው። ነገር ይጠፋኝ ጀምሯል... ትናንት ምን እንደበላሁ ጠይቁኝ፣ አላውቅም። ይህ ሳምንት እንዲጠፋብኝ አልፈለግሁም።

ዛሬ ከወደብ ከተማዋ ከፒሬየስ በአውቶቡስ መጣሁ። ልጄ ካሊዮፒ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ዳቦና አይብ በፌስታል አስያዘችኝ። "አባዬ፣ እንደደረስክ ደውልልኝ።" አልደወልኩም። ስማራግዳ ደወለችላት። መንገዱ ያው ነው። ባሕሩ ያው ነው። መታጠፊያው ላይ ግንቡ ከኮረብታው አናት ብቅ ሲል ሆዴ ይባባል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ነዋ የማየው። ምንም። አውቶቡሱ ቆመ፣ ወረድኩ።

እራት ሰርዲን።

ማክሰኞ 3

የመጣሁበትን ላስጽፍ።

ቅዳሜ ጋሩፋሊያ ከመቃብሯ ትወጣለች። ሦስት ዓመቷ ሞላ። እኛ ላይ ግንቡ ውስጥ የተወለድን የግንብ ሰዎች መቀበሪያ አፈር የለንም፣ ላይ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኛ ወገን የሞተ ሁሉ ታችኛው መንደር አፈር ውስጥ በእንግድነት ይተኛል። ሦስት ዓመት ሲሞላው አፅሙ ይወጣል፣ በወይን ጠጅ ይታጠባል፣ ሳጥን ይገባል። ከዚያ ወደ ላይ፣ ግንቡ ውስጥ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የአፅም ቤት። የታችኞቹ የራሳቸው አላቸው፣ ከቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ መረብ ከሚጠገንበት ጎን።

የግንቡን ሙታን ሁሉ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። በበቅሎዎቼ። ሳጥኑ በአንድ ጎን፣ በሌላው ጎን ሚዛን የሚጠብቅ ድንጋይ። እንደዚያ ካልሆነ ኮርቻው ይዞራል፣ እንስሳዋም ገደል ትገባለች። እናቴን እንዲሁ አድርጌ ወሰድኳት። አያቴንም። አንድም ሳጥን ከእጄ ወድቆ አያውቅም።

ጋሩፋሊያ የታች ልጅ ናት፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። እኔን ስታገባ ወደ ላይ ወጣች። ሚስት የባሏን ቤት ትከተላለች። አሁንም ትወጣለች አልኩ።

"በምን?" አለች ስማራግዳ። "በቅሎ የለህ።"

"እሸከማታለሁ።"

"አንተ? ሽንት ቤት ለመድረስ መንገድ ላይ የምታርፈው ሰውዬ?"

"ምላስሽን ያዢ።"

"ላይ ማን አለ እስቲ ንገረኝ? አንድ የሚኖር ሰው አለ? ሻማ ማን ያበራላታል? በቲኬት ነው የሚገባው። ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ሰኞ ሰኞ ጭራሽ አይከፈትም። እህቴ ሰኞ ሰኞም ትናፍቀኛለች እኮ!"

"የእኔ ሚስት ናት።"

"የእኔስ ምን ነበረች?"

እሷ ተነስታ ሳህን አጠበች። ኋላ ላይ ጠየቅኋት። ጋሩፋሊያ የነገረችሽ ነገር አለ? የት መሆን እንደምትፈልግ?

"የለም" አለች። "ነግራኝ ቢሆን ኖሮ የደወሉ ማማ ላይ ወጥቼ እጮኽብህ ነበር።"

እውነቷን ነው። ለእኔም አልነገረችኝም። ሌላውን ሁሉ ተናግራለች። ጎመን ተወደደ፣ ካልሲህ ተቀደደ... ይህንን ግን አንድ ቀን አላነሳችም። እኔስ ለምን አልጠየቅኋት? የሚጠየቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ 4

ዝናብ። ጉልበቴ። ሌላ የለም።

ሐሙስ 5

ብቻዬን ወደ ግንቡ ወጣሁ። ዳገቱን እያረፍኩ ነው የጨረስኩት፣ ስማራግዳ ደስ ይበላት።

በሩ ላይ ወጣት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ የሌላ አገር ልጅ ናት፣ አታውቀኝም።

"አባባ፣ ቲኬት?"

"እዚህ ነው የተወለድኩት።"

"ችግር የለም፣ ለአረጋውያን ነፃ ነው።"

"እንደ አረጋዊ አይደለም የምገባው። እንደ ባለቤት ነው።"

ሳቀች። "እሺ ባለቤት፣ ይግቡ። ግድግዳው ላይ ብቻ አይውጡ።"

በልጅነቴ ስሮጥበት የኖርኩት ግድግዳ ነው። ተውኩት።

ቤታችን የነበረበት ቦታ ሣር በቅሎበታል፣ ዙሪያውን ገመድ አስረውበታል። ሁለት ጎብኚዎች ፎቶ ተነሱበት። አየኋቸው። ተናደድኩ? አይ። መናደድ ያለበት ሰው ይኖራል ብዬ አሰብኩ፤ እኔ ግን አልነበርኩም።

ቤተ ክርስቲያኑን ጠግነውታል። የአፅም ቤቱ በኖራ ተቀብቷል፣ መደርደሪያው አዲስ ነው። የእናቴን ሳጥን አውቃለሁ፤ ታችኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው። ሻማ አበራሁ። ጎንበስ ብዬ ሳምኩት። "እማዬ" አልኳት፣ "ቅዳሜ ምራትሽን አመጣልሻለሁ። ቦታ አስፊላት። መጥበብ አትወድም።" ሌላም ሌላም አወራኋት። የጋሩፋሊያን ሕመም፣ ሆስፒታሉን። ለማንም ያልተናገርኩትን።

ያን ጊዜ ዕንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሩፋሊያ ስትሞትም አልመጣም። ሲቀብሯትም። ሦስት ዓመት ዓይኔ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነው። ቆምኩ፣ ቆምኩ... ከንፈሬ ላይ አቧራ ብቻ።

ወረድኩ።

አርብ 6

ስማራግዳ መደርደሪያውን ለመለካት አብራኝ ወጣች። "ካወጣሃትም ሳጥኑ ይግባ አይግባ ማወቅ አለብን" ብላ። መንገዱን ሙሉ ስታማርር ነበር። እኔ በሩ ላይ እያለከለክሁ ቀረሁ፣ እሷ ቀድማ ገባች።

"እናትህ ከመስኮቱ ሦስተኛ ነበር ያልከኝ? ትናንት እንደዚያ ነው የጻፍኩት።"

"አዎ።"

መነጽሯን አደረገች። አየች። ጠጋ ብላ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም እንደገና አነበበች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ታመመች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው። ሳቋ አልወጣ ብሎ አንቋት ነው።

"ዛኖስ ነው" አለች።

"የቱ ዛኖስ?"

"ዛኖስ ነዋ! በቅሎ ነጂው!"

ዛኖስን ላስጽፍ። ከእኔ ሌላ እዚህ በቅሎ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የኮርቻዬን ማሰሪያ ቆርጦብኛል፣ ይህን እስክሞት አምናለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሰላም ተባብለን አናውቅም። አፅሙን ግን እኔው ነኝ ያወጣሁት። ሥራ ሥራ ነው።

ጣሪያውን ሲጠግኑ ሳጥኖቹን አውጥተው ነበር ለካ። ሲመልሷቸው በስም ቅደም ተከተል ደረደሯቸው። ለሚያነብ ሰው እንዲመች። እናቴ አሁን ላይኛው ረድፍ ናት፣ በሩ አጠገብ። ስማራግዳ እጄን ይዛ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አልሳቅሁም። ወጥቼ ግድግዳው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም።

ከታች ጀልባዎቹ ይታያሉ። የስማራግዳ ጣሪያ። የተሰጣ መረብ። እኔ ማንን ጠይቄ ነበር የእናቴን ሳጥን የማውቀው? እዚህ ስንመጣ ሁልጊዜ ቀድማ የምትገባው ጋሩፋሊያ ነበረች። "ይኸው እናትህ" ትላለች፣ እኔ እከተላለሁ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ የምታነብልኝ እሷ፣ የአውቶቡሱን ሰሌዳ እሷ። አሁን እሷ ራሷ እዚህ ትግባ እንበል። ነገ ደግሞ አንዱ መጥቶ ቢያዘዋውራት... የትኛው ሳጥን ፊት ነው የምቆመው? ለቲኬት ልጅቷ ሚስቴ የታለች ልበላት?

ስማራግዳ ዓይኗን እየጠረገች መጣች።

"ዛኖስ ግን ሳይደሰት አይቀርም። ቦታ አስፊላት ስትለው ምን አለህ?"

"ዝም በይ።"

"ያ ሰው ለገዛ ሚስቱም ቦታ አስፍቶ አያውቅ።"

ቅዳሜ 7

መቃብር ቆፋሪው ፎቲስ ጉድጓዱን ከፈተ። አካፋው የሬሳ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ አቆመ፣ የቀረውን ሴቶቹ በእጃቸው ናቸው የሚያወጡት። እኛ ወንዶች ከዛፉ ሥር ቆምን። የሁሉም ሰው ፍርሃት አንድ ነው። ሥጋው ሳያልቅ ከተገኘ አፈሩ ይመለሳል፣ ሰውም ያወራል፣ ምን በድላ ነው ይላል።

ስማራግዳ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ትጣራለች። "ጋሩፋሊያዬ፣ ነይ እህቴ። ነይ፣ ፀሐይ ወጥቷል።"

ንጹሕ ሆና ወጣች። እንደ ሰም ቢጫ። ሴቶቹ ተመስገን አሉ። በወይን ጠጁ አጠቧት።

"ና" አለችኝ ስማራግዳ።

"የሴት ሥራ ነው።"

"ና አልኩህ!"

ሄድኩ። የጋሩፋሊያን የራስ ቅል በነጭ ጨርቅ አድርጋ እጄ ላይ አኖረችልኝ። የፊት ጥርሷ ጫፉ የለም። ክር በጥርሷ ስትበጥስ ነው፣ መቀስ አጠገቧ እያለ። ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። ሳምኳት። የወይን ጠጅ ሸተተችኝ።

ሰው ሁሉ አለቀሰ ወይ ብሎ ያየኛል። አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ እንዴት ቀለለች! የኖርኩት ዕቃ እያነሳሁ ነው፣ ያነሳሁትን ሁሉ ክብደቱን ሳልመዝን እናገራለሁ። እጄ ክብደቷን ጠበቀ... አልመጣም።

ቄሱ፣ አባ አናርጊሮስ፣ ጸሎቱን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ። "በል ፖሊክሮኒስ፣ በእኔ መኪና እስከ ግንቡ በር እናድርሳት። ከዚያ ወዲያ ወጣቶቹ ይይዟታል።"

ስማራግዳ አላየችኝም። ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

"ወደ ታች" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ቅዱስ ኒቆላዎስ ጀርባ። ከወገኖቿ ጋር። አልሰሙኝም እንዴ አባ?"

"የግንብ ሰው ሚስት እኮ ናት..." አለ ፎቲስ።

"አንተ አካፋህን ያዝ።"

ስማራግዳ ምንም አልተናገረችም። በሕይወቷ የመጀመሪያው ቀን ነው። ይህንን በደንብ ጻፊው።

እሑድ 8

ከቅዳሴ በኋላ ንፍሮው ታደለ፣ በስኳርና በሮማን ፍሬ። ሰው ቆሞ እየበላ ስለ አየሩ ያወራል። እኔም አወራሁ።

አናጢው ሳጥኑ ላይ ምን ልጻፍ አለኝ። ስሟን ጻፍ፣ ለሚያነብ ሰው አልኩት። ከዚያ ስማራግዳን የባሏን የጀልባ ገመድ ለመንኳት። ሳጥኑን በመጫኛ አስተሳሰሬ አሰርኩት። ያንን ቋጠሮ አባቴ ነው ያሳየኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያስረው የቀረ የለም። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አገኘዋለሁ። ከፈለጉ ጣሪያ ላይ ያውጧት፣ ከፈለጉ በር ሥር ያድርጓት።

"በመርከብ ልትልካት ነው እንዴ?" አለች ስማራግዳ።

ግን እሷም ቋጠሮውን ነካ አደረገችው። አይቻታለሁ።

ሐሙስ 12

ካሊዮፒ ደወለች።

"አባዬ፣ ማክሰኞ ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅ? ቲኬት አልቆረጥክም?"

"አልቆረጥኩም። የክረምት ካፖርቴን ላኪልኝ።"

"በግንቦት ካፖርት?"

"ክረምት ይመጣል አይደል?"

"እያለቀስክ ነው አባዬ?" አለችኝ።

"አይ።"

አላለቀስኩም። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ ቋጠሮውን እነካለሁ፣ እወጣለሁ። መረብ ጠጋኞቹ ጋ እቀመጣለሁ፣ የግንብ ሰው ታች ወረደ ብለው ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም።

ምሳ ላይ ግን ሾርባውን ገፋሁት። "ጨው በዝቶበታል" አልኳት።

ስማራግዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ከሰኞ ጀምሮ ይኸው ነው ጨዉ። የዚህ ሳምንቷ ሳትሆን የመጣህባት ሰኞ። ዛሬ ነው የቀመስከው?"

እውነት ነው ለካ።

ከሰዓት አባ አናርጊሮስን አገኘኋቸው። ከጋሩፋሊያ ሳጥን አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ይቆይልኝ አልኳቸው።

"ለማን?"

"ለእኔ ነዋ።"

"አንተ ትልቁ የግንብ ሰው? ከዓሣ አጥማጅ ጋር?"

"የግንብ ሰው ነኝ፣ ማንም አይወስድብኝም። ግን እሷን በአንድ ጎን ጭኜ በሌላው ጎን ድንጋይ ላድርግ?"

ጢማቸውን ዳበሱ። ይቆይልሃል አሉኝ።

በቃኝ፣ ደከመኝ። ስማራግዳ፣ አሁን አንብቢልኝ። ከሰኞ ጀምረሽ። የዛኖስን ዝለዪው... አይ፣ እሱንም አንብቢው። ስሟ ጋ ስትደርሺ ግን ቀስ በይ።