ከበሩ በላይ ያለው ጥቅል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ምንም የለም። ሐረር ፈረስ መጋላ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤታችን እስከ አምስት ሰዓት መብራት አልነበራትም። እኔና ዮዲ በሩ ላይ ቁጭ ብለን የባጃጅ ሾፌሮችን ጭቅጭቅ ስንሰማ አረፈድን። ዮዲ አብራኝ ነው የምትሠራው። ከጁገል ግንብ ውጭ ካለው ከተማ ትመጣለች፣ በየቀኑ አርፍዳ፣ በየቀኑ አዲስ ምክንያት ይዛ። የዛሬው፦ ድመታችን ወለደች። እሺ...

እጮኛዬ ፈይሰል ከጅግጅጋ አራት ጊዜ ጻፈ። ቁርስ በላሽ? ምን ለበስሽ? ከማን ጋር ነሽ? አራተኛው፦ "አደራዬ፣ ናፈቅሽኝ።" አደራዬ ነው የሚለኝ። የሰው እጮኛ ማሬ፣ ፍቅሬ ይላል፤ የኔው አደራዬ! ደስ ይላል። ለዮዲ አሳየኋት። "ታድለሽ" አለች፣ ከንፈሯን ጠመም አድርጋ። ምቀኛ።

ቤት ስገባ ሳላስበው ቀና አልኩ። ከበሩ በላይ ያለው እንጨት ባዶ ነው። ስጋጃው ከወረደ ሦስት ሳምንቱ፣ ዓይኔ ግን አልለመደም። አሥራ ስድስት ሲሞላኝ እማዬ ራሷ ጠቅልላ ሰቀለችው፣ በኛ ቤቶች ወግ ያልታጨች ልጅ አለችን ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንግዳ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ስጋጃውን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። እንዴት ይቀፍ ነበር! የፈይሰል ሽማግሌዎች እሺ የተባሉ ዕለት እማዬ እልል ብላ አወረደችው። ኒካህ ለጥር። ኢንሻአላህ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዮዲ ስልኬ ላይ ጨዋታ ጫነችልኝ። "ሰባት ቀን" ይባላል። የፍቅርም የፍርሃትም ነው አለች። እኔ ደግሞ ምን የማልወደው ነገር አለ...

ሙሽራ ነሽ። የተቀመጥሽው ኪርታት ውስጥ ነው፣ የጁገል ቤት ውስጥ ሙሽሮች ሰባት ቀን የሚሰነብቱባት ጠባብ ክፍል። (የኛዋ ዛሬ የጆንያና የአባዬ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ማስቀመጫ ናት።) ሙሽራው ገና አልመጣም። በግድግዳው ቀዳዳ በኩል አንድ እጅ ምግብ ያቀብልሻል። ፊት የለውም፣ እጅ ብቻ። እጁ በስልክሽ ይጽፍልሻል። ይወድሻል። ስትተኚ ያውቃል፣ ውሃ ስትጠጪ ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን "ትወጂኛለሽ?" ይላል፣ እሺ ካላልሽው ጨዋታው አይቀጥልም። በሰባተኛው ቀን ማን እንደሆነ ካልተናገርሽ ስክሪኑ ይጠቁርና "እንግዲህ የኔ ነሽ" ይላል። አበቃ።

ሦስት ምርጫ አለ። ጂኑ። የሞተው ሙሽራ። ጎረቤቱ። ሦስቱንም ሞከርኩ። ሦስቴም የሱ ሆንኩ።

ማነው ታዲያ?


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ በሳቅ ፈረስኩ። የጨዋታው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ፣ ሰዉ እየተጨቃጨቀ ነው። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። የሁሉም ጭንቀት ግን "ሬሳው" ነው! መጀመሪያ ከበሩ በላይ ይታያል፣ ልክ ለእጁ እሺ ስትዪው ዱብ ብሎ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም እየተሻገረው ያልፋል እንጂ የሚነካው የለም። አንዱማ "ሬሳው የመጀመሪያዋ ሚስቱ ናት" ብሎ አንድ ገጽ ጽፏል።

ወላሂ ስጋጃ ነው! የተጠቀለለ ስጋጃ! ለዮዲ ደወልኩላት።

"በር ላይ ስጋጃ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ሐረር ተወልዳ አድጋ። አስረዳኋት።

"ስለዚህ እሺ ስትዪው... ታጨሽ ማለት ነው?"

አዎ። እኔም ይሄኔ ነው ሳቄ የቆመው። ይህን የሠራ ሰው የኛን ቤት ከውስጥ ያውቃል። ማነው? አሁን ሁለት ማነው ሆነብኝ... የእጁ ባለቤትና የጨዋታው ባለቤት። እንቅልፍ ይወስደኛል ብላችሁ ነው? (ለማን ነው የምጽፈው ደግሞ። ቤት በሐረሪ፣ ገበያ በኦሮምኛ፣ ከራሴ ጋር በአማርኛ አወራለሁ፣ አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።)


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጨዋታውን እንደገና፣ ቀስ እያልኩ ጀመርኩት። አራተኛው ቀን ላይ እጁ እንዲህ ጻፈ፦ "አንቺ አደራዬ ነሽ። አደራ ደግሞ ከቤት አይወጣም።"

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከዚያ በራሴ ሳቅሁ። አደራ የሚለውን ቃል ፈይሰል አልፈጠረው።

ለጨዋታ ያህል "አንተ ጌም ትጫወታለህ?" ብዬ ጻፍኩለት። "ማን ሰጠሽ? ወንድ ነው?" አለኝ። ዮዲ ናት ስለው "ይቺ ልጅ አልተመቸችኝም" አለ። አግኝቷት እንኳ አያውቅም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ፈይሰል መጣ! ሳይነግረኝ። ሱቃችን ፊት ለፊት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዮዲ ናት ያየችው። "ያ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ እኛን ነው የሚያየው" አለችኝ፤ ሳይ እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ሮጬ ሄድኩ።

"ለምን አልደወልክም?"

"ሥራሽን ላይ ብዬ ነዋ።" ፈገግ አለ። "አሥራ አንድ ወንድ ገባ። ለሦስቱ ሳቅሽ።"

እየቀለደ ነው ብዬ ሳቅሁ። አሁን አራተኛው መሆኑ ነው መሰለኝ።

ቤት ይዤው ገባሁ። ለእማዬ ሐልዋ ይዞላታል፣ እጇን ሳመ፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሲወጣ በሩ ላይ የስልኬን የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀኝ። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሱቅ አትገቢም አለኝ። ጠየቀኝ አይደለም፣ ወሰነ።

"እማ፣ ትንሽ አልበዛም?" አልኳት።

"ወንድ ልጅ ሲወድ እንዲህ ነው።"

"እሺ እኔ ባልፈልግስ?"

"ሂክማ! ስጋጃው ወርዷል። ጎረቤት ሁሉ አይቷል። አሁን መልሰን ልንሰቅለው ነው?" ብላ ሐልዋዋን ቀጠለች።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አምስተኛው ቀን ላይ ግድግዳው ላይ ሰሃን አለ። ሰማያዊ፣ ሁለት ዓሣ የተሳለበት፣ አፉ ላይ የተሸረፈ። ባለፈው ቸኩዬ አላየሁትም። የት ነው የማውቀው? የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ... የት?


ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሰሃኑን አስታወስኩት። ለዘመድ ጥየቃ የሄድን ዕለት፣ የፈይሰል እናት ቤት።

ኤዲያ! ዓሣ ያለበት ሰሃን በሐረር ሞልቷል።

ሽርፉም?


ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ከጁምዓ በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ከዮዲ ጋር ተቀመጥን። ሰባተኛው ቀን። ሦስቱ ምርጫዎች መጡ፣ አንዱንም አልነካሁም። ልጅቷን ወደ በሩ መለስኳት።

"ሬሳውን እንዳትነኪ!" አለች ዮዲ፣ እያወቀች።

ጥቅሉን አነሳሁት። ጨዋታው አስነሳኝ። ከበሩ በላይ ወዳለው እንጨት ሰቀልኩት... ተሰቀለ።

ቀዳዳው ውስጥ ያለው እጅ ወደ ኋላ ሸሸ። በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው በቀን ብርሃን፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሐልዋ ካርቶን ይዞ ገባ። ጂን የለ፣ የሞተ የለ። ሙሽራው ራሱ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ መጥቶ ያድናታል ብለን የጠበቅነው ሙሽራ! የልጅቷን እናት እጅ ሳመ። እናትየው "ልጄ" አሉት። ዮዲ ክንዴን ጨምድዳ ይዛዋለች።

ከዚያ ጽሑፍ መጣ፦ "እዚህ የደረስሽው የሐረር ልጅ ስለሆንሽ ነው። ስሙን አልጽፍም። ካወቅሽው ጻፊልኝ።" ከሥሩ አድራሻ።

ዮዲ እስክሪብቶ አንስታ አድራሻውን መዳፏ ላይ ጻፈችው።


ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሦስት ቀን አጠፋሁና ጻፍኩ። አንድ መስመር ብቻ፦ "ሰሃኑ ላይ ያሉት ዓሦች ስንት ናቸው?"

ከሰዓት መለሰች። ሴት ናት፣ ሙና ትባላለች። "ሁለት። ሽርፉ በስተቀኝ። አሁንም ተሰቅሏል?"

አዎ። ተሰቅሏል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሙና ከድሬዳዋ መጣች፣ ቤተሰቦቿ ግን የኛው የጁገል ሰዎች ናቸው። ከግንቡ ውጭ አንድ ጭማቂ ቤት ተገናኘን። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ፈጣን፣ ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጥ ይሆናል። የፈራሁት የሚያለቅስ ሰው ነበር። እሷ ግን አቮካዶዋን እየጠጣች ታወራለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአራት ወር ታጭታለት ነበር። ነገሩ ድሬዳዋ ስላለቀ እዚህ ብዙ ሰው አልሰማም። እኔን "ካንቺ በፊት ማንንም አላየሁም" ብሎኛል፣ አምኜዋለሁ።

"ኮሌጅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ይጠብቀኝ ነበር" አለችኝ። "ጓደኞቼ ታድለሽ ይሉኛል። መጀመሪያ ሥራ አቆምኩ። ከዚያ ጓደኞቼን። ከዚያ ትምህርቴን። ራሴ ነኝ ያቆምኩት፣ ጭቅጭቁ ስላደከመኝ። በመጨረሻ ስልኬን ግድግዳ ላይ ሰበረው፣ እኔም ከክፍሌ መውጣት፣ ማውራትም ተውኩ። ቤተሰቦቹ ጂን ይዟታል ብለው እጮኝነቱን አፈረሱ።"

"ለዚህ ነው ጂኑ የመጀመሪያው ምርጫ..."

"አዎ።" ሳቀች። የሷን ሳቅ ሳይ እንባዬ መጣ፣ አፍሬ በሻሼ ጠረግሁት።

ለምን በጨዋታ እንዳደረገችው ጠየቅኳት። ስሙን ብትጽፍ ስም አጠፋች ይሏታል፣ ያውም ጂን የያዛት። "ግን ቀጥሎ ከሐረር እንደሚያጭ አውቅ ነበር፣ እናቱ የጁገል ልጅ ነው የምትፈልገው። ያንን ጥቅል ሬሳ ነው ብላ የማትሸሸው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ማን እንደምትሆን አላውቅም። ላንቺ ነበር የሠራሁት።"

አቅፌያት ቀረሁ። ቴሌግራሟ ላይ የቀሩትን አሮጌ መልእክቶቹን በሙሉ ላከችልኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሁለቱንም አተምኳቸው። አንዱ ወረቀት ለሙና የጻፈው፣ ሌላው ለኔ የጻፈው። ስሞቹን አጥፍቼ። ዮዲ ደንግጣ ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ገልብጣ ከተተችው፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ እንዲህ የሆንኩት?

አባዬ መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎች ሰፈር ያለው ሱቃቸው እያሉ እማዬን አስቀመጥኳት። ስለ ሙናና ስለ ሰሃኑ ነገርኳት። መነጽሯን ስላላገኘች አነበብኩላት። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ።

"አደራዬ፣ የት ነሽ? አደራዬ፣ ማን ሳቀልሽ? አደራዬ፣ ሰማያዊውን አትልበሺ። አደራዬ፣ ካልመለስሽ እመጣለሁ። አደራዬ፣ እናትሽ ትወደኛለች፣ ማን ያምንሻል?"

ይቺኛዋ ላይ እማዬ እጇን አነሳች።

"ቆይ። ያንቺ የትኛው ነው?"

ወረቀቶቹን አየሁ። ከማንበብ ብዛት ተደባልቀዋል። ገለበጥኳቸው፣ ፈለግሁ...

"ወላሂ እማ፣ እኔም ጠፋኝ።"

ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብላ አጣጠፈቻቸው። "የዚያችኛዋ እናት አለች?" አለችኝ በመጨረሻ። አለች አልኳት። ተነስታ ውዱእ ልታደርግ ሄደች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። በጣም ፈራሁ። ጨዋታውን ከፈራሁት በላይ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የፈይሰል መልእክቶች፦ አሥራ ዘጠኝ። አልመለስኩም። የስልኬን መክፈቻ ቁጥር አልሰጠሁትም። ሱቅ ገባሁ።

አባዬ ቆብ አድርገው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወጡ። እማዬ ትናንት ማታ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ከፈይሰል እናት ቤት ሲመለሱ "አልቋል" አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፦ "ሰሃኑን አየሁት።"


እሑድ፣ ኅዳር 7

ጠዋት ስጋጃውን ከኪርታቷ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ አወጣሁት። አቧራውን አራገፍኩ፣ ጠቀለልኩ። ማንንም አላስፈቀድኩ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ከብዷል! በጨዋታው ውስጥ እንዴት ቀላል ነበር።

ወንበሩ ሲወላገድ ተሰማኝ፣ ከዚያ ደግሞ ጸጥ አለ። ዝቅ ብዬ ሳይ እማዬ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"ተጣሟል" አለች። "ወደ ግራ ሳቢው።"

ሳብኩት።

በዚያው ቅጽበት ጎረቤታችን ሀቢባ ከፈላና በር ገበያ ስትመለስ ሰላም ልትለን ጎራ አለች። እንደ ድሮው መጀመሪያ ቀና ብላ አየች። ቀጥላ እኔን አየች። አፏን ከፍታ ቀረች።

"ምነው? ምንድነው ይሄ?"

እማዬ ወንበሩን አልለቀቀችም።

"አታዪም እንዴ ሀቢባ? ልጅ አለችን።"