የወልደ ሰንበት መርዶ

ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም መርከቧን ከወደብ አላስነሳኋትም። መብራት የመጣው ምሳ ላይ። ከፋርማሲ ስመለስ ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ፣ አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ ቁጭ።

አንተ ደብተር፣ ሽፋንህ ላይ የሳል ሽሮፕ ማስታወቂያ ያለብህ፣ መሳቅ ካማረህ ሳቅ። ጧት ጧት መድኃኒት የምትሰጥ ትልቅ ሴት ቤቷ ገብታ ጌም ትጫወታለች። ጌሙ ግን የኔ አይደለም፣ የወንድሜ የማስረሻ ነው። ክፍሉም የሱ፣ ወንበሩም የሱ። ስፖንጁ በሱ ልክ ጎድጉዷል፤ እኔ ስቀመጥበት ይሰፋኛል።

መርከቧ በከዋክብት መካከል የምትሄድ ናት። ምድራቸው የሞተችባቸውን ሰዎች በመስታወት ሣጥን አስተኝታ ሌላ ምድር ፍለጋ ትሄዳለች። ነቅቶ የሚጠብቃቸው ካፒቴኑ ነው፤ አጠገቡ ኦሩ አለች። ኦሩ አራት እጅ ያላት አሮጊት መካኒክ ናት። ሰው አይደለችም፣ ግን ከብዙ ሰው ትሻላለች። ታሪኩ በምትመርጠው መልስ ነው የሚሄደው። የመርከቧንና የካፒቴኑን ስም የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው። ማስረሻ መርከቧን «ወለቃ» ብሏታል። ካፒቴኑን «ወልደ ሰንበት»።

ወልደ ሰንበት የራሱ የማስረሻ የክርስትና ስም ነው። ከኛ ቤትና ከነፍስ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። የክርስትና ስሙን ጌም ላይ የሚጽፍ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ፊቱንም የራሱን ነው የሰጠው፣ የተሰነጠቀች ቅንድቡ ሳትቀር።

ጥቅምት 10፣ ከሰዓት

ትናንት መብራት የለም። ዛሬ ልንገርህ።

ማስረሻ የፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ነው። አየህ፣ እኔም ገና አላውቅበትም። ስልክ ተቋርጦ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ አዲ አርቃይ የሚጠገን ማሽን አለ ብለውት ሄደ። በሄደበት ቀረ። መኪናውም አልተገኘ፣ አየሁት የሚል ሰውም አልመጣ። ከሄደ ሦስት ክረምት አለፈ።

በሄደ ዕለት ካፒቴኑን የመርከቧ መስኮት ጋ አቁሞት ነበር፣ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ፣ ኮከብ እያየ። እራት ላይ ታሪኩን ይተርክልን ነበር፣ ልክ እንደ ሰፈር ወሬ። የተኙት ሰዎች ይደርሱ ይሆን ወይ የሚለው ላይ አቆመ። እኔ መጨረሻውን ልወቅለት ብዬ ነው የጀመርኩት። ለራሴ እንደዚያ እላለሁ።

ሳልነካው በፊት ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀርቻለሁ። የሱ ትምህርት ነው፣ የሰው ዕቃ ከመንካትሽ በፊት ኮፒ አድርጊ ይል ነበር። ጌሙን አስቸጋሪ በሚሉት መንገድ ነው የጀመረው፤ በዚያ መንገድ ካፒቴኑ አንዴ ከሞተ የተጫወትከው ሁሉ ይጠፋል። እንደዚህ ነው ማስረሻ፣ ቀላሉን ነገር አይወድም።

አንድ ነገር ደግሞ። ወደብ በደረስን ቁጥር ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል። ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «ካፒቴን ወልደ ሰንበት፣ ይረፉ?» አዎ፣ ወይም አይ። በሞቴ፣ ይሄ ይጠየቃል? በኛ አገር ዐረፉ የሚባለው ማን ነው? «አይ» ብዬ ተጫንኩ።

ጥቅምት 14፣ ምሳ ሰዓት

ጌሙን ክፍት ትቼ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ዝም ካልካት ኦሩ ትጣራለች። ካፒቴን። ትንሽ ቆይታ፣ ካፒቴን? እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ማንን ነው የምትጠራው አለችኝ። አላሰብኩትም፣ ማስረሻን አልኳት።

ዞር አላለችም። አላለቀሰችም። «ታዲያ ንገሪያት እንጂ። መንገድ ላይ ነው በያት።»

ሽሮውን ትቼ ተነሳሁ። ገብቼ ጌሙን ዘጋሁት።

ጥቅምት 17፣ ከቀኑ 10

የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ኦሩ ዛሬ ቱቦ እያሰረች፣ የነገርከኝን አልረሳሁም አለችኝ። ማስረሻ ምን ነገራት? እኔ አልነበርኩም። መልስ ልስጥ ብዬ ሳይ ምርጫዎቹ «እኔም አልረሳሁም» እና «አሁን ጊዜው አይደለም» ናቸው። ምን ነበር ያልኩሽ የሚል የለም። «እኔም አልረሳሁም» አልኳት፤ ዋሸሁ። ፈገግ አለች።

ወንድሜ አንድ ቦታ አንድ ነገር ቃል ገብቶ ሄዷል፤ የሚያስታውሰው በዓለም የሌለ ፍጡር ነው። ክፍሉ ቀዘቀዘኝ። ፀሐይ ነበር እኮ።

ጥቅምት 21፣ ማርያም

አያ ተገኘ ከዳባት መጡ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ሲቀመጡ ወንበሩ ይጮሃል፣ ሲናገሩ ጎረቤት ይሰማል። ዛሬ ግን ቀስ ብለው ጀመሩ። ልጁ ሸጋ ልጅ ነበር አሉ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ፍትሐት እናድርግለት፣ እርማችንን እናውጣ። «ምነው እቴ፣ እርምን በሆድ ይዞ እስከ መቼ?»

እማዬ ሳይጨርሱ ሳህናቸውን አነሳች። በቃ፣ መልሷ ያ ነው።

ለነፍስ አባታችን ለአባ ስሙን የምትሰጠው ከሕያዋን ጋር ነው። ወልደ ሰንበትን በመንገዱ ጠብቀው እያሉ ይጸልያሉ። አባ ምንም አይሏትም። እኔም አልልም። ማስረሻ የተባለው ከሱ በፊት የሞተባትን ልጅ እንዲያስረሳት ነው። እሱን የሚያስረሳ ግን አልወለደችም፤ ከሱ ቀጥሎ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ለእማዬ አዝንላታለሁ። አለመቀበሏ ሊገድላት ነው። አሁንስ አንድ ሰው በግልጽ ይንገራት እላለሁ። ማን? እኔ እንጃ።

ጥቅምት 28፣ ከሰዓት

ካፒቴኑ ደክሟል። ሲራመድ ይወለጋገዳል፣ የስክሪኑ ጠርዝ ይጨልማል። ወደብ ደረስን፣ ያ ጥያቄ መጣ። «አይ።» ኦሩ ተቆጣች፣ ሰው ነህ ወይስ ብረት አለችው። እሷ ምን ታውቃለች፤ አማርኛ አታውቅም።

አውቃለሁ፣ ጅል ነኝ። ጤና ኮሌጅ ተምሬ። ግን ያንን ቁልፍ በዚያ ስም ላይ አልጫንም። ቆሞ ካለ አለ።

መስኮቱ ላይ ፊቱ ይታያል፣ እንደ መስታወት። ዛሬ ቀና ስል እኔን የሚያይ መሰለኝ። ምነው አታስቀምጪኝም የሚል ዐይን።

ኅዳር 2፣ ምሽት ሊሆን ሲል

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከሰዓት ነው። በረዶ ብቻ የሆነ ምድር ላይ ወረድን፤ ወልደ ሰንበት ማዶ ያለ የተበላሸ አንቴና መጠገን አለበት። ብቻውን። ኦሩ በሬዲዮ፣ ደክመሃል ተመለስ ትላለች። ተመለስ የሚል ምርጫ ነበረ። አንቴናው ቅርብ መሰለኝ፣ ሂድ አልኩት። መንገዱ ግማሽ ላይ ተንበረከከ። ቁልፉን ደበደብኩት። አልተነሳም። በረዶው እየሸፈነው ሄደ፣ ከዚያ በነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ራሴን አላወቅሁም።

«ወልደ ሰንበት ሞተ! ወይኔ፣ ወልደ ሰንበት ሞተ!»

እማዬ ግቢ ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። በዚያችው ደቂቃ፣ እይልኝ፣ አያ ተገኘ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩን ገፋ አደረጉ። የመጡት ባቄላ ሊሰጡን ነው። እማዬ ግን ያየችው መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ነው። የሰማችው የክርስትና ስም ነው። ያ ስም በኛ ቤት ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም።

ጩኸቷን እንዴት ልጻፍልህ። በርበሬው ተበተነ። አያ ተገኘ ደግሞ እሷን ሲያዩ መርዶው እኛ ቤት የደረሰ መስሏቸው፣ ባቄላቸውን ጥለው ልጄን፣ ልጄን እያሉ ደረታቸውን መቱ። እሷ እሳቸው አመጡት ብላ፣ እሳቸው እሷ ሰማች ብለው። ጎረቤቱ ገባ። ሰፈራችን ፀዳ አዲስ ነው፣ ሰው አይተዋወቅም ይሉናል፤ ግቢው በአንዴ ሞላ። እኔ መሀል ገብቼ ጨዋታ ነው፣ እማዬ ጨዋታ ነው እላለሁ። ማን ይሰማል። አንዷ ሴትዮ አቅፋ ይዛኝ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ያዞርሻል አለች።

ኅዳር 3፣ ጧት

እድሩ ድንኳን ተከለ። አያ ተገኘን ጓዳ ወስጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን ጫን አደረጉ። ላስተባብል አልኳቸው። አይሆንም አሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስንት ዘመን እምቢ ያለ ለቅሶ ነው። አትመልሽባት።»

ድንኳን ውስጥ የእማዬ ድምፅ ይሰማኛል። ማስረሻን እየጠራች ታወርዳለች፤ ቅንድቡን፣ ጫማውን፣ ሲስቅ የሚያወጣውን ድምፅ። ሦስት ክረምት ሙሉ ያላወራችውን። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ዐይኔ ደረቅ ነው።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት

አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ድንኳኑ ተነስቷል፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም፣ በረዶውን ጭምር። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

«ጠፍቶኝ ነው? ያ ማሽን ከሚጮህበት ክፍል እንደመጣ ሰምቻለሁ።»

ታዲያ ለምን አልኳት። ልቤ ካወቀ ቆይቷል፣ አፌ ነው እምቢ ያለኝ አለች። እናት እንዴት ብላ መጀመሪያ ትናገረው። አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲያለቅስለት ሰማች፣ ያ ሰው እኔ ነኝ፣ እኅቱ። በቃ፣ ሆዷ ተከፈተ። ከዚያ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። «አንቺስ? አንቺ መቼ ታለቅሺለታለሽ?»

ፋርማሲ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ። ፈረቃዬ እኮ ጧት ነበር።

ኅዳር 9፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ፍትሐት ተደረገ። እማዬ ስሙን በራሷ አፍ ለአባ ሰጠች፣ ከሙታን ጋር። አባ በግዕዝ ሲያነቡ አንድ ቃል እየተመላለሰ መጣ። አዕርፍ። ነፍሱን አሳርፍ። የነፍሱን ዕረፍት ይለምኑለታል፤ ምንም የሚያስፈራ የለበትም፣ ልመና ነው። እኔ ግን ቃሉ በመጣ ቁጥር ያንን ቁልፍ ነው የማየው።

ሰው ሁሉ አለቀሰ። አያ ተገኘ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እኔ ድርቅ። ለምን እንደሆነ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ቦርሳዬ ውስጥ ፍላሹ ነበረ። እጄን ከትቼ ጨብጬው ቆሜያለሁ። ሌሎቹ ሞተባቸው፤ እኔ ቅጂ አለኝ።

እማዬ አልቀበልም ብላ ልትሞት ነው ስልህ ከረምኩ አይደል? ፈረድኩባት። እሷስ እርሟን አወጣች።

ኅዳር 10፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መብራት አለ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ቅጂውን መለስኩት። ተከፈተ።

ቆሟል። መስኮቱ ጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ማስረሻ እንዳቆመው። እኔ ያደከምኩት አይደለም፣ የሱ እጅ ከለቀቀው ወዲህ ማንም ያልነካው። ቁልፍ ለመንካት ፈራሁ። ዝም ብዬ አየዋለሁ። ኦሩ ጠራች፣ ካፒቴን። ካፒቴን?

እማዬ ከኋላዬ ገባች። ከሄደ ጀምሮ እዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም፣ ዳንቴሉን እንኳን እጇን በበሩ ዘርግታ ነው የሰጠችኝ። መነጽሯን አደረገች። ያቺን ቅንድብ በመስኮቱ ላይ አየቻት። አልጮኸችም። ለምን ቆመ አለችኝ። ትቶት የሄደው እንዲህ ነው አልኳት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ? አዎ እማዬ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስታየው ቆየች።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ አቁመሽው? ደከመው እኮ። አሳርፊው እንጂ።»

ስለ ቁልፉ ነግሬያት አላውቅም። እንግሊዝኛ አታነብም። ማስረሻ መርከቧን የተዋት ወደብ ላይ ነውና ጥያቄው ከሥር ተጽፎ ቆሟል፣ በአማርኛ አነበብኩላት። ካፒቴን ወልደ ሰንበት፣ ይረፉ? ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ይኸው፣ መጣ። ገጽህ እየረጠበ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ወንድሜ። ወንድሜን።

ቀኝ እጄ ማውሱ ላይ ነው፣ በግራ ነው የምጽፍልህ፣ የተንጋደደው ለዚያ ነው። እማዬ ይሄንንም ትጽፊዋለሽ እንዴ ትለኛለች። መርከቧን ማን ይጠብቃል ብላ ጠየቀችኝ። ኦሩ አለች አልኳት። የምትጠራው እሷ ናት? አዎ። ሸጋ ናት አለች እማዬ።

እጇን እጄ ላይ አደረገች። በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። «አዎ» ላይ ነን። አብረን ነው የምንጫነው፣ ደብተር፣ አሁን