የጨመርኳቸው ሦስት ሰዓታት

ውድ ወንድሜ አብዱልሐኪም፣

ይህን የምጽፍልህ ከቢቸና፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። በስልክ ልነግርህ አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ስለ ጤንነት ተጠያይቀን ዘግተናል። በጽሑፍ የተሻለ ድፍረት ይኖረኛል ብዬ አስባለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አባባ ሞጣ ያረፉት ሱብሒ ሰላት እንዳበቃ ነበር። ጀናዛ እንደማይቆይ ታውቃለህ። አጎታችን ሙሐመድሸሪፍ ግን ሽማግሌዎቹን ለምነው፣ የአባትህን ፊት እንድታይ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አስፈቀዱልህ። አንተም ከዱባይ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ላይ የሚነሳ አውሮፕላን ማግኘትህን ነግረኸኝ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ የሒሳብ መምህሯ» አሉኝ አጎታችን። «ልጁ ይደርሳል? ከደረሰ እንጠብቃለን። ካልደረሰ ሬሳ ማጉላላት ነው።»

ወረቀት አወጣሁ። ከዱባይ አዲስ አበባ ወደ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ የአራት ሰዓት በረራ። አንድ ሰዓት መቆያ። እስከ ባሕር ዳር ሌላ የአንድ ሰዓት በረራ። ከዚያ ሞጣ ድረስ በመኪና ሦስት ሰዓት። ድምሩ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያደርስሃል። እኔ ግን ለአዲስ አበባው መቆያ አንድ፣ ባሕር ዳር መኪና ለመፈለጊያ አንድ፣ በየኬላው ላለው ፍተሻ አንድ ሰዓት ጨመርኩ። አባባ እንዴት ያሾፉብኝ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ «ዘሚራ ነገ ሞጣ ለመግባት ከቢቸና ትናንት ትነሳለች።»

«ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይደርሳል» አልኳቸው።

«በቁርጥ?»

«በቁርጥ።»

መጠባበቂያ መያዜን አልነገርኳቸውም። ተማሪዎቼን ግምትና ልኬት እንዳይቀላቅሉ የምቆጣ ሰው፣ በዚያች ጠዋት ግምቴን እንደ ልኬት አቀረብኩ። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት እንደተሰገደ ቀበሯቸው።

አንተ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከነሻንጣህ ገባህ። «ማን ነው ያስቀበረው?» ብለህ ስትጮህ አጎታችን መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉህ።

የዘረጉልህን እጅ ሳትጨብጥ አለፍክ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ በእጄ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ ሄድክ። ለምን እንደዚያ እንዳሉህ በኋላ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ያለሽ ወንድም አንድ ነው። እኔ ግን ሞልቶኛል የወንድም ልጅ» ብለው ሳቁ። አብዱልሐኪም፣ አባባ እኮ ለእርሳቸው ብቸኛ ወንድማቸው ነበሩ፤ የወንድም ልጅ የሚሏቸውም እኔና አንተ ብቻ ነን።

ቁጥራቸውን ከዘጋህባቸው ሁለት ዓመት ሆነ። በየዒዱ ይደውሉልሃል። ሳይሆንላቸው ሲቀር ለተሰበሰበው ቤተ ዘመድ «ኔትወርኩ ነው» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ «አዎ፣ ዛሬ ኔትወርክ የለም» እያልኩ አራት ዒድ አሳልፌአለሁ።

በመጪው ዓርብ ሞጣ ሄጄ፣ የዚያን ቀን በነበሩት ሽማግሌዎች ፊት ያደረግኩትን እናገራለሁ። አጎታችን እንዳይከለክሉኝ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። አንተ እኔን ብትቀየም ይገባኛል፤ ይቅርታህንም አላስቸኩልም። ለእርሳቸው ግን ስልክህን ክፈትላቸው። ከጁምዓ በኋላ እንዲደውሉልህ አደርጋለሁ። ድምፅህን ሲሰሙ ማልቀሳቸው አይቀርምና፣ ቶሎ እንዳትዘጋባቸው።

እህትህ ዘሚራ ሰይድ
ቢቸና