ስብሰባ ሲጀመር የሚሞተው ኔትወርክ

ጥር 5
ሰላም ውሎ። የሂሳብ ክፍሉን ፕሪንተር ከከባድ ሕመም ፈወስኩ... ወረቀት ጨምሬ። ስመለስ መብራቱ ባልበራው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ከትንሿ የኔትወርክ ሳጥን የወጣ ገመድ፣ ጫፉ መሬት ላይ ተዝረክርኳል። ሥርዓት የሌለው መሥሪያ ቤት! አንስቼ ክፍት ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። እኔ ባልኖር ይህን ቤት ምን ይውጠው ነበር?

ጥር 6
ጠዋት ኔትወርኩ ሞተ። ሕንፃው በሙሉ። ከስብሰባ ስንወጣ ራሱ ተነሣ። ምን ነካው?

ጥር 7
ስለ ትናንቱ መቋረጥ አስቸኳይ ስብሰባ። እንደተቀመጥን ተቋረጠ። ስንበተን መጣ። ሲያሙት አይወድም እንዴ?
ሥራ አስኪያጁ፦ «እስከ ዓርብ ጥፋተኛውን አምጣ። አለዚያ ጥፋተኛው አንተ ነህ።»

ጥር 8
ዋናውን ሳጥን ቀየርኩ። ሞደም ቀየርኩ። ሸሚዝም ቀየርኩ፣ ምናልባት... ምንም።

ጥር 9
ዓርብ። አዳራሹን የሚከፍተው ማነው? እትዬ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ።
«እትዬ፣ ገመድ ነክተዋል?»
«እኔ ልጄ መጥረጊያ ነው የምነካው። አንተ እንጂ ያን ቀን...»
አላስጨረስኳቸውም። ሪፖርት ጻፍኩ፦ «ችግሩ ሰው ሠራሽ ሲሆን፣ ጥርጣሬው ወደ ጽዳት ክፍል ያመለክታል።» ቋንቋው አማረልኝ።
ማምሻውን እትዬ ከሥራ ተሰናበቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው። ቁልፋቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ጥር 12
በእትዬ ቁልፍ አዳራሹን ራሴ ከፈትኩ። መብራት አበራሁ። ኔትወርኩ ሞተ።
እትዬ የሉም! ታዲያ ማን?
ግራ ሲገባኝ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥር 5... «ሰካሁት»። የት? እዚያችው ሳጥን ላይ! ሁለቱም ጫፍ አንድ ሳጥን ላይ። የወጣው መልእክት ወደዚያችው ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ይባዛል፣ ሕንፃውን ያንቃል። ሳጥኗ ደግሞ ኃይል የምታገኘው የአዳራሹ መብራት ሲበራ ብቻ።
ነቀልኩት። ሠራ። ማንም አላየኝም። ዝም ብልስ?

ጥር 13
ሁሉም በተሰበሰቡበት አዲሱን ሪፖርት አነበብኩ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ድምፄ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ግን አልተቋረጠም።
የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ለእትዬም ተደወለ።

ጥር 15
እትዬ ተመለሱ። ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።
«ያን ቀን ምን ሊሉኝ ነበር?»
«አንተ ስትሰካ አይቻለሁ ልልህ ነበራ። መች አስጨረስከኝ!»

ጥር 19
ኮሪደሩ ላይ የወደቀ ገመድ አየሁ። እጆቼን ኪሴ ከተትኩና ተጣራሁ፦
«እትዬ!»