እርሾ ያልገባበት በርሜል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታው ይቅደም፣ ቁጣው ከኋላ ይደርሳል። እንዴት ሰነበትክ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እጅህስ መንቀጥቀጡን ተወ? አክስታችን በጠዋት እየቀሰቀሱ ምግብ እንደሚያስገድዱህ ሰምቻለሁ፤ እሺ በላቸው፣ ብላ፣ ሰላም በልልኝ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ ሜካኒኩ ወጥቶ ደፍኖልኛል። ቀኑን ሙሉ መኪና ሆድ ስር ሲተኛ የማይፈራ ሰውዬ፣ ከጣሪያ መውረድ አቅቶት ምሳውን በባልዲ አቀበልነው። ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር።

ስልክ ስደውል ስለማታነሳ፣ አንተ በጻፍክልኝ መንገድ እመልስልሃለሁ። ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት፣ ከዚያ ደሜ ፈላ። ጋራዡን እንድዘጋ፣ ትልቁን ድስትና በርሜሎቹን ለፈለገ ሰው እንድሰጥ፣ ቁልፉን በፖስታ እንድልክልህ፣ እነዚያ ሰዎችም ሁለተኛ በራችንን እንዳይረግጡ አዘሃል። እነዚያ ሰዎች! ሜካኒኩ፣ ነርሷና ፀጉር አስተካካዩ የስንት ዓመት ቅዳሜህን አብረውህ ቢራ ሲጠምቁ ያሳለፉ ጓደኞችህ ናቸው እኮ። ዛሬ ስም አጣህላቸው?

አልዘጋም፣ ወንድም ጋሼ። ታላቄ ነህ፣ አከብርሃለሁ፣ ሌላ ነገር ብታዘኝ ሮጬ አደርገዋለሁ። ይሄን ግን አላደርገውም። ተቆጣ፣ ቅየመኝ፣ ለዘመድ ሁሉ ክሰሰኝ፤ አላደርገውም።

መጀመሪያ ስለ ፍንዳታው ላውራህ። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ለአክስታችን ደውለው፣ ሰክረን ጋራዡን አፈነዳነው አሏቸው አይደል? መፈንዳቱስ እውነት ነው። እሑድ ጠዋት ሴትዮዋ ልብስ ሲያሰጡ ጠርሙሶቹ እየተከታተሉ ጧ ጧ ማለት ጀመሩ፤ እሳቸውም አንሶላቸውን እንደተከናነቡ እግሬ አውጪኝ ብለው ገቡ። እኔ በሌሊት ልብሴ ወጥቼ፣ መጥረጊያ እንደ ጋሻ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ወለሉ አረፋ በአረፋ ሆኗል፣ ስብርባሪው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሰክረው ነው ለተባለው ግን ሳቄ መጣ። በዚያ ቅዳሜና እሑድ ከመካከላችን አንድ ጉንጭ የቀመሰ ሰው የለም።

ጥፋቱ የዝምታ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ዝምታ ያልነው አፉ አልዘጋ ስላለን እንደሆነ መቼም አልረሳህም፤ ሰውዬው ግማሽ ጢም ላጭቶ ወሬውን ሳይጨርስ ግማሹን አይጀምርም። ቱቦውን ቀቅለው ብዬ ነግሬው፣ ስለ አንዱ ደንበኛው መላጣ ሲተርክ ረሳውና በሙቅ ውሃ ብቻ አለቀለቀው። ባለፈው ሳምንት ቢራ ያሳለፍንበትን ቱቦ! ከዚያ አዲሱን የብቅል ውሃ በዚያው ቱቦ ወደ ጠርሙስ ቀዳው። ቱቦው ውስጥ ተደብቃ የቀረች እርሾ አብራ ገባችና ድግስ ደገሰች። ቆርኪው ተመትቷል፣ ጋዙ መውጫ የለውም። የቀረውን ጎረቤታችን ነግረውሃል።

አንተ ግን ጠማቂ ነህ። ወሬውን ሰምተህ ከመቆጣትህ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብህ። ሰው ቢራውን የሚያሽገው እርሾዋ በርሜል ውስጥ ስኳሩን በልታ፣ ጠግባ፣ ዝቅ ብላ ስትተኛ ነው። እኛስ ስኳሩ ሁሉ እንዳለ ለምን አሸግነው? ጀማሪ መሰልንህ? በዚያ በርሜል እርሾ አልገባበትም፣ ወንድም ጋሼ። ረስተን አይደለም፤ ሆን ብለን ነው የተውነው። እርሾ ካልገባ አልኮል የለም፤ ይሄን እኔን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ያኔ ማማሰያውን እንኳ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም ነበር።

እሺ፣ ፍንዳታው ይብቃ። ጋራዡን «እኔን ያጠፋኝ ቤት» ብለህ የጻፍከው ነው አላስተኛ ያለኝ።

ተው እንጂ! ለሁላችን ቢራ ማለት ቅዳሜ ነበር። ብቅሉን ስንፈጭ፣ ድስቱን ስናማስል፣ ስንጨቃጨቅ ውለን፣ ማታ አንዳንድ ብርጭቆ ጠጥተን ወደየቤታችን። ለአንተ ቅዳሜው እያደር ሰኞ ሆነ፣ ማክሰኞ ሆነ። እኔ አላየሁም ብለህ ነው? መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች ትጠጣና ውሃ ሞልተህ አዲስ ቆርኪ ትመታባቸው ነበር። በሙያህ ነው የዋሸኸን። አንድ ቅዳሜ ሜካኒኩ ጠርሙስ ከፍቶ ለሁላችን ቀዳ፤ ጥርት ያለ ውሃ። ሁላችንም ብርጭቆአችንን ይዘን ቀረን፣ አንተም መሬት መሬት ታያለህ። ሜካኒኩ አንዴ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና፣ አረፋው ትንሽ ቢያንሰውም ጣዕሙ ንጹህ ወጥቷል አለ። እኛም ጠጣነው። አንድ ሰው እንኳ ከጀርባህ አላማህም፤ ይሄን እወቅልኝ። በራችንን አይርገጡ ያልካቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ጋራዡ ደረጃ ላይ ወደቅክ። ነርሷ ግንባርህን አሳምራ ሰፋችልህ፤ ወጥታ ግን አጥሩ ስር ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሕክምናውን የመረጥከው አንተ ነህ፤ ማንም ጎትቶ አልወሰደህም፣ በራስህ እግር ሄድክ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ በአፍህ እንዳላደረግክ አክስታችን ነግረውኛል። ወንድሜ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። በሥራ ቦታዬም ተናግሬአለሁ፤ ያፈረ ይፈር።

እና እውነቱን ልንገርህ? አንተን ያበሸቀህ ቢራው አይደለም። ያላንተ ቅዳሜ መኖሩ ነው። አክስታችን ቤት መስኮቱ ስር ተቀምጠህ፣ አሁን ብቅሉን እየፈጩ ነው፣ አሁን ድስቱ ፈልቷል፣ አሁን እየሳቁ ነው ትላለህ። እኔ በማልቀመጥበት ማንም አይቀመጥ ነው ነገሩ። አውቅሃለሁ፤ ልጅ ሆነን እንኳ ስትታመም እኔን ከጨዋታ ታስጠራኝ ነበር።

እኛስ ደልቶን መሰለህ? መራራውን አበባ፣ ሆፕሱን፣ መቼ እንደምንጨምር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አንተ አፍንጫህን እንፋሎቱ ላይ ደፍተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ አሁን ስትል እንጨምር ነበር። አሁን ነርሷ ሰዓቷን እያየች እንደ ኪኒን ትሰጠዋለች። ዝምታ አንድ ቀን አፍንጫውን እንዳንተ ደፋና መነጽሩን ድስቱ ውስጥ ጣለው። ያንን ቢራ ከነመነጽሩ ቀቀልነው። አፍንጫ የሚሆን ሰው ፈልጉ ብላቸው፣ ቦታው ባለቤት አለው ብለው ሦስቱም ጮሁብኝ።

ደግሞ ስማ። ከፍንዳታው በኋላ እጅ አልሰጠንም። ቢራው ያለባቸውን በርሜሎችና ጠርሙሶች ሁሉ ወደ ሜካኒኩ ቤት አጋዝናቸው። ሚስቱ ከእኔና ከበርሜሉ ምረጥ ብትለው ትንሽ አሰብ ሳያደርግ አልቀረም፤ ለሁለት ቀን አኩርፋው ነበር፤ አሁን ግን ከሁላችን በላይ የምታማስለው እሷ ናት። ቢራ መጥመቃችንንማ አልተውንም፤ እሑድ እሑድ እዚያ እንጠምቃለን፣ እንጠጣለን፣ ለማንም አንደብቅም። ጋራዡ ውስጥ ግን ዛሬ የአልኮል ጠብታ አታገኝም። ነርሷ አንድ በአንድ ፈትሻዋለች፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ኋላ፣ አሮጌው ጎማ ውስጥ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹ መሐል። የት የት እንደምትፈልግ ማን እንደነገራት አትጠይቀኝ። መደርደሪያውን አጥበን ቀለም ቀባነው። አዲስ ቱቦ ገዛን፤ ዝምታ እንዳይነካው ተብሎ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን እርሾ የማይገባበትን እንሞክራለን። ቀላል እንዳይመስልህ! መጀመሪያ የወጣው ጣፋጭነቱ ለጉድ ነበር፤ ዝምታ የሳል መድኃኒት ነው ብሎ ተፋው። ብቅሉን ቀነስን፣ ሆፕሱን ጨመርን፣ ነርሷ ሎሚ ጨመቀችበት፣ ሜካኒኩ የጋዝ ሲሊንደር አምጥቶ አረፋ ሰጠው። የደፋነውን ደፍተን፣ እንደገና ጀምረን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ አንዱ በመጨረሻ ከድስቱ በማንኪያ ስንቀምሰው ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታም ዝም አለ። ከዚያ ጠርሙሶቹን እንደታሸጉ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየናቸው፤ የተደበቀች እርሾ ብትኖር እንኳ እንድታልቅላት። ነርሷ በየጊዜው አንዱን ከፍታ ስኳር መለኪያውን ታንሳፍፍበታለች። ንቅንቅ አላለም። ስኳሩን የነካው የለም ማለት ነው። የከፈተችውንም ትደፋዋለች እንጂ አትጠጣውም።

ማንም አልጠጣውም፣ ወንድም ጋሼ። ሕጋችንን ታውቃለህ፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣ ሰው ነው ስም የሚያወጣው። የአማት ፊት ያልከው ያ መራራ ቢራ ትዝ ይልሃል? ሜካኒኩ አማቱ ፊት ስሙን ጠርቶ ያፈረው? ይሄኛው ስም የለውም። መደርደሪያው ላይ ቆርኪውን እንደደፋ ተቀምጧል፤ ዝምታ ቢለምንም ቢያለቅስም ነርሷ እጁን መትታ አባረረችው።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልህ አልነግርህም። ሞኝ አይደለህም።

ቁልፉን አልልክልህም። ፖስታ ውስጥ የሚገባ ቁልፍ የለኝም። ከፈለግከው ቅዳሜ ጠዋት፣ ድስቱ ሳይፈላ፣ መጥተህ ከእጄ ውሰደው፤ ወስደህም ቆልፍ ካልክ በዓይኔ እያየሁ ትቆልፋለህ። ካልመጣህ ደግሞ እንጠምቃለን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንጠምቃለን። ጎረቤታችን ለአክስታችን ይደውሉ፣ አክስታችን ለአንተ ይንገሩ፣ አንተም ሌላ ደብዳቤ ጻፍ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አማስላለሁ። አንተ ግትር ከሆንክ እኔም የአንድ እናት ልጅ ነኝ።

እንግዲህ ቁጣዬ አለቀ። ራስህን ጠብቅ፤ ማታ ማታ ተሸፋፈን። ፈጣሪ ጤናህን ያጽናልህ፣ ያን ጉልበትህን ይጨምርልህ፣ በጎ ቀን ያሳየን። ሦስቱም ሰላም ይሉሃል፤ ነርሷ በተለይ የግንባርህን ጠባሳ ማየት እፈልጋለሁ ብላለች፤ ስፌቴ እንዴት እንደያዘ ልይ ነው የምትለው።

የማትታዘዝህ ታናሽ እህትህ

ስትመጣ ስም አስበህ ና።